ዞርካን ሊጠግን የነበረው እጅ

ዝቪዮዝድኒ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1984

ለውድ አክስቴ ለፌክላ ሳቪሽና፣

ካለሁበት ሆኜ ጎንበስ ብዬ ሰላም እልሻለሁ። ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ? ጋጡ፣ ላሞቹ፣ ያ ነዝናዛ የእርሻ ማኅበር ሊቀመንበራችሁስ? እኔ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልሰጠሁትም። የጎረቤትሽ ልጅ ታይሲያ በባቡሩ ላይ አስተናጋጅ ሆና እዚህ ድረስ ስለምትመላለስ በሷ እጅ ልኬዋለሁ። እዚህ ከኔ ቀድሞ ደብዳቤዬን የሚያነብ ሰው አለ። አንቺም መልስሽን በሷ በኩል ላኪልኝ፣ ቢዘገይም ይዘግይ። በሊቀመንበሩ ቢሮ ስልክ ደግሞ እንዳትደውዪ። መንደሩ በሙሉ ጆሮ ነው።

አክስቴ፣ ወደ ጠፈር ለመብረር ተመረጥኩ! ዞርካ የምትባል ሰው የሌለባት ትልቅ ቴሌስኮፕ ከላይ ትዞራለች። እየተሽከረከሩ ሚዛኗን ከሚጠብቁላት ከባድ ጎማዎች ሁለቱ ቆመዋል፤ እንደ ሰካራም እየተወላገደች ወደየትም ማነጣጠር አቅቷታል። በዚያ ላይ ቁልቁል እየወረደች ነው። ጠግኖ ወደ ላይ የሚገፋት ካልተገኘ በሚመጣው ክረምት ተቃጥላ ትወድቃለች። እንግዲህ ሁለት ሰው ሄዶ ይይዛታል፣ ከመንኮራኩሩ ጋር ያጣብቃታል፣ ውጭ ወጥቶ የተበላሹትን ጎማዎች የያዘውን ሳጥን ይቀይራል፣ ከዚያ በራሳችን ሞተር ሽቅብ እንገፋታለን። ከሁለቱ አንዱ እኔ ነኝ።

አዛዡ ማትቬይ ኢግናቲች ናቸው። ሁለት ጊዜ ተጠባባቂ ሆነው ሌላው ሲበር እጃቸውን አውለብልበው ተመልሰዋል። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ይህ ካመለጣቸው ሌላ አይኖራቸውም። ያንቺን የጨው እንጉዳይ ሳወራላቸው ምራቃቸውን ዋጡ። አንድ ማሰሮ ብትልኪልን?

የሚወድሽ ግሌብ

---

ኦሎንኪኖ፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1984

ለልጄ ለግሌብ፣

ጌታ ሽቅብ ሲያወጣህ አይቸኩል፣ ሲያወርድህም አይርሳህ። እናትህ ብትኖር ይህን ቀን አይታ ትስቅ ነበር፤ እኔ በሷ ፈንታ አለቀስኩ። የአጎቷ ልጅ ብሆንም ያሳደግሁህ እኔ ነኝና ማልቀሱም የኔ ፋንታ ነው። ጉልበቴን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ።

ዞርካ! ኧረ እናንተ የተማራችሁ፣ ስም ጠፋ? የኛ ጋጥ ውስጥ ብቻ ዞርካ የሚባሉ ሁለት ላሞች አሉ፤ አንደኛዋ ተራጋጭ ናት። ያንተዋም ከእነሱ ከባሰች ወዮልህ።

እኔ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ነገር ግን ከአውራጃ ሰዎች መጥተው የልጅነት ፎቶህን ጠየቁ። እንግዲህ ሊቀመንበሩ ሞኝ ነው? በማግስቱ ስብሰባ ጠራ። ከበረርክ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ አስፋልት ሊነጠፍልን ነው ተባለ። ጀግና ያበቀለ መንደር ጭቃ ለጭቃ አይገባበትም አሉ። ባለፈው የበረዶ መቅለጫ የመንደራችንን ሴት ክላቭዲያን ምጥ ይዟት ሐኪም ቤት ሲወስዷት ትራክተሩ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ተሳቢው ላይ ወለደች፤ ልጁ አልተረፈም። እና ክላቭዲያ ትናንት መጥታ እጄን ሳመችኝ። የኔን እጅ! ያንተ ዘመድ ስለሆንኩ።

እንጉዳዩን ልኬያለሁ። ሽማግሌው ብቻቸውን እንዳይጨርሱት ዓይንህን ጣልባቸው። አንተ ደግሞ ከዚያ ትልቅ ከተማ የንባብ መነጽር ፈልግልኝ።

አክስትህ ፌክላ

---

ዝቪዮዝድኒ፣ ማርች 30 ቀን 1984

ለውድ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? መነጽሩን ታይሲያ ይዛልሻለች። እንጉዳዩን በተመለከተ ግን የፈራሽው ደርሷል፤ ማሰሮውን ያገኘሁት ባዶውን ነው።

እዚህ ክርክር ብቻ ሆኗል። ቴሌስኮፕዋን የሠሩት ሰዎች «መጀመሪያ ሽቅብ ግፏት፣ ጥገናው ይደርሳል» ይላሉ። የኛዎቹ ደግሞ «እየተወላገደች ብንገፋት ወዴት እንደምትሄድ ማን ያውቃል፣ መጀመሪያ ትጠገን» ይላሉ። አንዱ ዲዛይነር ተናዶ ሻይ የያዘ ብርጭቆውን በካርታው ላይ ደፋው። በመጨረሻ ጥገናው ይቅደም ተባለ። እንግዲህ ሁሉም ነገር ውጭ በምንሠራው ላይ ወደቀ ማለት ነው። ሳጥኑን ያሰሩትን ትንንሽ ብሎኖች መፍታትና ማሰር ለኔ ተሰጠኝ። እጄ ቀጭንና ፈጣን ነው ተብሎ። ማትቬይ ኢግናቲች ገመዴን ይዘው ከኋላዬ ይቆማሉ።

የምንለማመደው ትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ ነው። የጠፈር ልብሱ በአየር ተነፍቶ ጓንቱ ድርቅ ይላል፤ ጣት ለማጠፍ በሞላ ጉልበት መጭመቅ ነው። ጨምቀሽ ትለቂያለሽ፣ ጨምቀሽ ትለቂያለሽ፣ እስከ ማታ።

አንድ ልመና አለኝ። ጣት አልባ የሱፍ ጓንት ሥሪልኝ። ደግሞ ያ የላም ግት የምትቀቡትን፣ አንቺም ማታ ማታ እጅሽን የምታሺበትን ቅባት ላኪልኝ። ለአንድ ባልደረባዬ ነው።

ግሌብ

---

ኦሎንኪኖ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1984

ለግሌብ፣

የሰማይ ባለቤት ልብ ይስጥህ። ለባልደረባህም ይስጠው።

ባልደረባህን ሳምልኝ። ቀኝ እጁ ነው አይደል? አውራ ጣቱ፣ ጠቋሚውና መሐለኛው? ሲተኛ ጉንዳን የወረረው ይመስለዋል፣ ተነስቶ እጁን ያራግፋል፣ ጠዋት ደግሞ ቁልፉን መቆለፍ ያቅተዋል? ልጄ፣ ማንን ልታሞኝ ነው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእጄ ያለብኩት እኔ ነኝ! ጨምቆ መልቀቅ፣ ጨምቆ መልቀቅ ብለህ ራስህ ጻፍክልኝኮ። እዚያ ድረስ ተምረህ ሄደህ አላቢ አደረጉህ? መሳቅ አማረኝና ሳቁ መሐል ላይ ቀረብኝ።

ቅባቱ ቆዳ ያለሰልሳል እንጂ ይህንን አያድንም። ውሸት አልነግርህም። በሽታው እኛ ጋ የአላቢ እጅ ይባላል። የኔን ያዳነኝ ማለቢያ ማሽን መምጣቱ ነው፤ አብራኝ ታልብ የነበረችውን ማርፋን ደግሞ አርካንግልስክ ከተማ ወስደው የእጅ አንጓዋን ቀደው አድነዋታል።

አሁን ይህን አድርግ። አንድ የሸሚዝ ቁልፍና አንድ የባቄላ ፍሬ ኪስህ ውስጥ ክተት። ዓይንህን ጨፍንና በነዚያ ጣቶች ቁልፉን ለይተህ አውጣ። ምን እንዳወጣህ እውነቱን ጻፍልኝ። ጓንቱን ልኬያለሁ።

አክስትህ

---

ዝቪዮዝድኒ፣ ጁን 4 ቀን 1984

ለውድ አክስቴ፣

ዝም በማለቴ ይቅር በይኝ። ታይሲያ ሁለት ጊዜ መጥታ ባዶ እጇን መለስኳት። ወረቀት አውጥቼ እቀመጥና እነሳለሁ።

ባቄላውን አወጣሁ። ደግሜ ባቄላውን አወጣሁ። በሦስተኛው ምንም የያዝኩ አልመሰለኝም፤ ዓይኔን ስገልጥ ቁልፉ ጣቶቼ መሐል ነበር።

ለሐኪም ንገር እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እስቲ ስሚኝ። እዚህ ሕግ አለ፤ የተጻፈም ባይሆን ሁሉም የሚያውቀው ነው። ከቡድን አንዱ ከታመመ አንዱ ብቻ አይቀየርም። ሁለቱም ይወርዱና ተጠባባቂዎቹ በሙሉ ይገባሉ፤ አብረው ያልሠለጠኑ አብረው አይበሩም። እኔ እጄን አመመኝ ባልኩ ሰዓት ማትቬይ ኢግናቲች አለቀላቸው። እኔም ከዚህ ወዲያ ማንም አያምነኝም፤ ደብቆ የነበረ ሰው ተብዬ በዚያው እቀራለሁ። ሪናትና ቦግዳን የሚባሉ ጎበዞች ተጠባባቂ ሆነው ከኋላችን ቆመዋል። በየቀኑ «ጤና ይስጥልን ግሌብ፣ እንዴት አደርክ?» ይሉኛል፤ በቅንነት ነው፣ እኔ ግን ላብ ላብ ይለኛል።

ባልናገርስ? ገንዳው ውስጥ መፍቻ ሲወድቀኝ ጠላቂው አንስቶ ያቀብለኛል፤ «ዓሣ ልትመግብ ነው?» ብሎ ይቀልዳል። እዚያ ላይ የሚያነሣ የለም። ብሎኑ ካመለጠኝ ዞርካ ትሞታለች። የገመዴ መንጠቆ ካመለጠኝና ማትቬይ ኢግናቲችን ይዤ ከሄድኩማ… አልጽፈውም።

ጠዋት ተነስቼ እናገራለሁ እላለሁ። ከዚያ ሰውዬውን አያቸዋለሁ። ሰሞኑን ደስታቸው የልጅ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ያፏጫሉ። አክስቴ፣ መውጫ የለኝም። በየትኛውም በር ብወጣ ሰው ረግጬ ነው የምወጣው።

ለማንም እንዳትነግሪ።

ግሌብ

---

ኦሎንኪኖ፣ ጁን 20 ቀን 1984

ለግሌብ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ምርቃቱን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፣ ተናድጃለሁና።

መጀመሪያ በራሴ ነው የተናደድኩት። ደብዳቤህን እንዳነበብኩ «ዝም በል፣ እየታሸህ ሥራህን ሥራ» ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ለምን ብትለኝ፣ የመንገዱ ጠጠር መጥቷል። ጣቢያው ጋ ክምር ጠጠር ደፍተዋል፤ ልጆች ይወጡበታል፣ ክላቭዲያም ሄዳ ታየዋለች። አንተ ቀረህ ማለት መኪናው መጥቶ ጠጠሩን መልሶ ሊጭነው ነው። ይህን እያሰብኩ ብዙ ቀን ብዕር አላነሣሁም። እኔም አፌ ተለጉሞ ነበር።

ግን እኮ ሰውዬው ገመድህን ይዘው የሚቆሙት አምነው ነው! የሚያፏጩት አንተን አምነው ነው! ሐኪሞቹን ተዋቸው። አለቆቹንም ተዋቸው። መጀመሪያ ለእሳቸው ንገር። አብሮህ የሚሞት ሰው ከማን ጋር እንደሚሞት ማወቅ አለበት። የፈለጉትን ይበሉህ፣ ይስደቡህ፣ ይምቱህ። ጎንበስ ብለህ ተቀበል።

ስለ መንገዱ አታስብ። በጭቃ ኖረናል፣ እንኖራለን።

ፌክላ

---

ዝቪዮዝድኒ፣ ጁላይ 15 ቀን 1984

ለውድ አክስቴ፣

ነገርኳቸው።

ቅዳሜ የእንፋሎት ቤት ገብተን ነበር፣ ሁለታችን ብቻ። በበርች ቅጠል ጀርባቸውን እየመታሁ ሳለ ቅጠሉ ከእጄ ወደቀ።

«ማትቬይ ኢግናቲች፣ እጄ አይሰማኝም» አልኩ።

«ሙቀቱ ነው።»

«ሙቀቱ አይደለም። ከክረምት ጀምሮ ነው።»

ተነሥተው ተቀመጡ። ፊታቸው እንደ ቲማቲም ቀልቷል። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብለው «ማን ንገረኝ አለህ?» አሉኝ። «እኔ የማላውቅ መሰለህ? ከማርች ጀምሮ ገንዳው ውስጥ የገመድህን መንጠቆ የምቆልፍልህ ለምን ይመስልሃል? ለፍቅር? እያወቅሁ እንደማላውቅ ሆኜ ነበር፤ ተመችቶኝ ነበርኮ! እላይ ብሎኖቹን እኔ እፈታለሁ፣ እንቀያየራለን፣ ማንም አያይም ብዬ ጨርሼ ነበር። አሁን በአፍህ ነገርከኝ። አዛዥ ነኝ፣ በአፍ የተነገረኝን አልሰማሁም ማለት አልችልም። ምነው አንተ ልጅ፣ ምን አደረግኸኝ!»

ከዚያ ተመልሰው ተኙና «ጀርባዬን ጨርስልኝ እንጂ» አሉ። ጨረስኩላቸው።

ሰኞ የሐኪሞች ኮሚሽን ነበር። ሊቀመንበሩ ሁልጊዜ «የሚያማችሁ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ሳያልቅ «የለም» ማለት ደንብ ነው። እኔ አለ ልል አፌን ስከፍት ማትቬይ ኢግናቲች ቀደሙኝ። «አለ። ማሽከርከሪያው ላይ ራሴን ስቼ አውቃለሁ፣ ሁለት ጊዜ። ደብቄ ነበር» አሉ። ውሸት ነው አክስቴ! ማሽከርከሪያው በፍጥነት እያዞረ ሰውነታችንን የሚፈትን ማሽን ነው፤ እዚያ ላይ ከሁላችንም የሚሻሉት እሳቸው ናቸው። በራሪ ራሱን ከከሰሰ ደግሞ እውነት ነው ወይ ብሎ ማንም አይመረምርም፤ በዚያው ቀን ሁለታችንንም አወረዱን። ሪናትና ቦግዳን ገቡ።

ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዙኝ። «እኔ በየትኛውም መንገድ ቀርቻለሁ። አንተ ብትናገር ሁለታችንም ለሁልጊዜ እንቀር ነበር፤ አሁን አንድ ሰው ብቻ ቀረ። እጅህን ተቀደድ፣ የማውቀው ሐኪም ሌላ ከተማ አለ። ከተናገርክ ግን እኔም ውሸታም እሆናለሁ፣ አንተም ትጠፋለህ፣ የኔው መጥፋት በከንቱ ይቀራል። በእናትህ መቃብር ማል» አሉኝ።

ማልኩ።

ግሌብ

---

ኦሎንኪኖ፣ ጁላይ 29 ቀን 1984

ለልጄ ለግሌብ፣

እግዜር ያጽናህ፣ እሳቸውንም ያጽናቸው። ስለ እሳቸው ሻማ አበራሁ። አንጀቴን በሉት።

ጠጠሩን ወስደውታል። ሊቀመንበሩ ሰላም አይለኝም። ክላቭዲያ ግን «ዋናው ልጅሽ ደህና መሆኑ ነው» አለችኝ፤ ከዚያ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

መሐላ ከባድ ነው፣ አፍርስ አልልህም። ብቻ ልጄ፣ ከሰውዬው አትራቅ። ሰው ሲሸሻቸው አንተ አትሽሽ። ሻይ ሲጠጡ አጠገባቸው ተቀመጥ። አንጓህን ከተቀደድክ በኋላ እጅህን አታርጥብ፣ አትኩራራ፣ ባልዲ አታንሳ።

አክስትህ

---

ዝቪዮዝድኒ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1984

ለውድ አክስቴ፣

ለረጅም ጊዜ ስላልጻፍኩልሽ ይቅርታሽን እለምናለሁ። እጄ ድኗል። ቁልፉንም ባቄላውንም እለያለሁ። ለሌላ በረራ ከአዲስ አዛዥ ጋር መድበውኛል።

ዞርካ ተጠገነች። ሪናት ብሎኖቹን ሲፈታ ማትቬይ ኢግናቲች ከምድር ሆነው በሬዲዮ እየመሩት ነበር፤ ያንን ሥራ እንዲሰጧቸው ለምነው ነው ያገኙት። አራተኛው ብሎን እምቢ ሲል «ቀስ በል ልጄ፣ ወደ ውስጥ ግፋውና ከዚያ አዙረው» አሉት። ተፈታ። ከዚያ ሽቅብ ገፏት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር፤ ማንም ዞሮ እጃቸውን አልጨበጠም።

ማታ ግብዣ ሆነ። የማሠልጠኛው ምክትል አዛዥ ብርጭቆውን አንሥቶ ስለ በራሪዎቹ ተናገረ። ቀጥሎ ወደኔ ዞረና «አሁን ደግሞ ለግሌብ እንጠጣ» አለ። «ወንበሩን በሌላ ሰው ጥፋት ላጣው! አንድ ሽማግሌ ሕመሙን ደብቆ ወንበር ሙጥኝ ስላለ ይህን የመሰለ ወጣት ምድር ላይ ቀረ። ቅሬታ ሳያሰማ ቻለው። ሰው ማለት ይህ ነው!»

ሁሉም ተነሡ። ማትቬይ ኢግናቲች ከጠረጴዛው ጫፍ ተነሥተው እሳቸውም ብርጭቋቸውን ወደኔ አነሡ። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነበር። ዝም በል የሚለኝ ዓይን ይሁን ሌላ፣ አላወቅሁም። ሰው ሁሉ ይጠብቀኛል። ጠጣሁ። አጨበጨቡልኝ።

መሐላ አለብኝ አክስቴ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? አንቺ ንገሪኝ።

ግሌብ

---

ኦሎንኪኖ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1984

ግሌብ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ።

መሐላ አለብኝ ትላለህ። ሰውዬው ዝም በል አሉህ፤ ጠጣ አሉህ እንዴ? ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ መሐላ ያፈርሳል? ወይ ጫፍ ድረስ ሄደህ አጠገባቸው መቆም? «ለማትቬይ ኢግናቲች እንጠጣ» ለማለት እኮ ምንም ምስጢር ማውጣት አያስፈልግም ነበር።

እጅህ ደነዘዘ ስትለኝ ደንግጬ ነበር፤ የሚታከም ነገር ነው፣ ታከመ። ይሄ ግን ምን እንደሚባል አላውቅም፣ እኛ ጋ ስም የለውም።

በማንም ፊት አልከስህም። አንተን አሳድጌያለሁና ከማንም በፊት የምጠየቀው እኔ ነኝ።

የማትቬይ ኢግናቲችን የቤት አድራሻ ጽፈህ ለታይሲያ ስጣት። ከሷ ጋር ተሳፍሬ መጥቼ አያቸዋለሁ። አንተ ጣቢያ ልትቀበለኝ እንዳትመጣ። በር ከፍተው ማን ነሽ ሲሉኝ የግሌብ አክስት ነኝ ማለት አለብኝ፤ ከአሁኑ አፍሬያለሁ።

ፌክላ